ለልጄ ጥርስ ዋስ አምጡ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ጢም ያበቀለ፣ ጆንያ የሚሸከም ልጃችሁ እሁድ እሁድ "ጓደኞቼ ጋ ነኝ" ብሎ ይወጣል። ወደ ማታ ሲመለስ አንድ ጆሮው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ጉልበቱ ተልጧል፤ የሸሚዙ ኮሌታ የለም። ፊቱ ላይ ግን የሙሽራ ፈገግታ አለ። ምን ትላላችሁ? የተደበደበ ሰው አይስቅም። የደበደበ ሰው ደግሞ ጆሮው አያብጥም። ሁለቱም ካልሆነ ሦስተኛ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አልወድም።

"ጆሮህ ምን ሆነ?" አልኩት።

"ምንም አልሆነም እማ፤ ጨዋታ ነው።"

"ማነው እንዲህ አድርጎ የተጫወተብህ?"

"ጓደኛዬ ነው።"

"ጓደኛህ ይህን ካደረገ ጠላትህ የት ነው ያለው?"

"እሱም ነበር" አለና እየሳቀ እግሩን ሊታጠብ ገባ።

መጠርጠር እንጀራዬ ነው። የምሸጠው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነው፤ በርበሬና ቅመም። ከገጠር ጭኖ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የሚያምን ሰው ይህን ሥራ ባይገባበት ይሻለዋል። ከጆንያው አፍ ላይ ያለው ዛላ ሁልጊዜ ያምራል፤ ቀይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ወዙ ያበራል። ወደ ታች ሲወረድ ግን ጉድ ነው። እርጥብ አለ፣ ሻጋታ አለ፣ ድንጋይ አለ። አንድ ጊዜማ ነጠላ ጫማ ወጥቶልኛል፤ ያውም የግራው ብቻ። ስለዚህ ዛላውን እጃችንን እስከ ብብታችን ከተን እንበረብረዋለን። ለድንብላልና ለአዝሙዱ ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት አለን። ጆንያውን ከታች በኩል ወጋ አድርጋችሁ ስትስቡት ሆዱ ውስጥ ያለውን ይዞላችሁ ይወጣል። እኔ ያለዚያ ብረት የማምነው አላህን ብቻ ነው።

የልጁ አባት ከድር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይኖራል። ስለ ጆሮው ደውዬ ነገርኩት። "አንቺ እንዳየሽው" አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሰውዬ፣ እኔማ ስላየሁት አይደል የደወልኩት!

ምክር የማገኘው ከእትዬ ብርቄ ነው። ከእኔ አጠገብ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይሸጣሉ። በዕድሜም በጥርጣሬም ይበልጡኛል።

"ሱስ ነው" አሉ እትዬ ብርቄ።

"ሱስ ያለበት ሰው ይከሳል። የኔው እኮ በበር የሚገባው በጎኑ ነው።"

"እንግዲያው ሴት ናት።"

"ጆሮ የምታሳብጥ?"

"የዛሬ ልጆች ምን ይታወቃል" ብለው ሽንኩርታቸውን ወደ መላጥ ተመለሱ።

ሙባረክን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰባተኛ ሰፈር ካለው መጋዘን ወደ እኔ ቦታ ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ሌላው ሰው በጋሪ የሚገፋውን እሱ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል፣ ማንንም ሳይነካ ያልፋል። ልጅ ሳለ ዶሮ ሲታረድ የሚያለቅስ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ጆሮውን አሳብጦ የሚመጣው።

አንድ ሐሙስ ቀን አልጋው ሥር ስጠርግ መጥረጊያዬ አንድ ነገር ነካ። ፎጣ ተጠቅልሎበታል። ፈታሁት። ኳስ እንዳልለው ክብ አይደለም። ዱባ እንዳልለው ቆዳው የፋብሪካ ነው። መሃሉ ወፍራም፣ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፤ አንድ ትልቅ እንስሳ እንቁላል ጥሎ የሄደ ይመስላል። ነቀነቅኩት፣ ድምፅ የለውም። አሸተትኩት፣ የሣርና የላብ ሽታ ነው። ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ ዝም። በሻሼ ጠቅልዬ ይዤው ወደ ገበያ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሴቶቹ ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

እትዬ ብርቄ ገልጠው አዩትና ወዲያው ሸፈኑት።

"ኮንትሮባንድ ነው" አሉ።

"የምን?"

"እሱማ ውስጡ ነው ያለው።"

ብረቱን አወጣሁ። ከታች በኩል ልወጋው ስል ታቹ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ብናዞረው ብናገላብጠው ሁለቱም ጫፍ ያው ነው። ላይና ታቹ የማይለይ ዕቃ አይቼ አላውቅም፤ ይህ ራሱ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ቢስሚላህ ብዬ በአንዱ በኩል ወጋሁት።

እፍፍፍ ብሎ ነፍሱ ወጣ። እትዬ ብርቄ አማተቡ። ያ ትልቅ ነገር እጄ ላይ እንደ አሮጊት ጉንጭ ጎደጎደ። በብረቱ የወጣ ነገር የለም። የላስቲክ ሽታ ያለው አየር ብቻ።

"አየር ነው የደበቀው" አልኩ።

"አየር የደበቀ ሰው ሌላ ምን የማይደብቀው አለ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

በዚህ መሃል ሙባረክ ጆንያ ተሸክሞ ደረሰ። እጄ ላይ ያለውን ሲያይ ጆንያውን ለቀቀው። ልጄ ጆንያ ሲጥል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

"እማ! ምን አደረግሽ? ቡድኑ ያለው ኳስ እኮ እሱ ብቻ ነው! ቅዳሜ ሰውዬው ከናይሮቢ ይመጣል!"

"የቱ ሰውዬ?"

አፉን ያዘ። እኔም ብረቱን እንደያዝኩ ነበርና የቀረውን ከሆዱ አወጣሁት። ጨዋታው ራግቢ ይባላል። ኳሱን በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፤ ኳስ የያዘውን ሰው ደግሞ ሌሎቹ ይይዙና መሬት ላይ ይጥሉታል። አሰልጣኛቸው ዳዊት የሚባል ልጅ የሙባረክን ጨዋታ በስልክ ቀርፆ ናይሮቢ ላለ ክለብ ልኮታል። ክለቡ ደግሞ መጥቶ ሊያየው ነው። ከወደደው ይቀጥረዋል።

"መጫወት ነው ሥራህ የሚሆነው?"

"አዎ እማ።"

"ሲጥሉህ ደሞዝ ይከፍሉሃል?"

"ስጥላቸውም ይከፍሉኛል።"

"እዚህ በነፃ የሚጥልህ ሰው ጠፍቶ ነው ኬንያ የምትሄደው?"

አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የተኮማተረውን ኳስ እንደ ታመመ ሰው ያሻሸው ጀመር። "እማ" አለኝ፣ "ጆንያ ስሸከም ሁሉም 'ወግድ' ነው የሚለኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ሁሉም 'ና' ይለኛል።" እኔ መልስ ሳጣ ሥራ እፈልጋለሁ። ኳሱን ነጥቄው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄድኩ፤ ጎሚስታ ጋ።

ጎሚስታው ኳሱን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን እየፈለገ "እትዬ፣ የምን መኪና ነው?" አለኝ።

"የልጄ ነው።"

"በምን ተወጋ?"

"በእናቱ" አልኩት። ለጠፈው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ አንድ ጎኑ ትንሽ አበጥ ብሎ ቀርቷል፤ ልክ እንደ ሙባረክ ጆሮ።

ቅዳሜ "እንዳትመጪ" ስላለኝ ሄድኩ። እትዬ ብርቄም ብቻዬን እንዳልሆን ብለው አብረውኝ መጡ፤ ሽንኩርታቸውን ትተው ሲወጡ አይቼ አላውቅም ነበር። አጥር ሥር ተቀመጥን። ከናይሮቢ የመጣው ሰውዬ ረጅም፣ አንገት የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚያይ ነው። የሰው እግር ብቻ ነው የሚያየው። ሰው ሆኖ ፊት የማያይ ሰው አላምንም።

ጨዋታው ተጀመረ። በአላህ፣ እስካሁን አልገባኝም። ግባቸው ወዲያ ነው፤ ኳሱን የሚቀባበሉት ወዲህ ወደ ኋላ ነው። "ወደፊት መስጠት ክልክል ነው" አለን አጠገባችን ያለ ተመልካች። ከዚያ በሁለቱም ወገን ያሉት ትልልቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ጎንበስ አሉና ራሳቸውን እርስ በርስ አጠላለፉ። ቀለበት የጠፋበት ሰው እንዲፈልጉለት የጠራቸው ይመስላል። መሃል ላይ ያለው ሙባረክ ነው። ይገፋል። ደም ሥሩ ተገታትሯል።

"ምን ጠፍቷቸው ነው?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"ሲያገኙት እናያለን" አልኩ።

ያገኘው ሙባረክ ነው። ኳሱን ደረቱ ላይ ታቅፎ ብድግ አለ። አንዱ ወገቡ ላይ ተጠመጠመ፤ ሌላው እግሩን ያዘው፤ ሌላው ጀርባው ላይ ወጣ። ሁሉንም ተሸክሟቸው ሄደ። ልክ ከሰባተኛ ዕቃ እንደሚያመጣልኝ፤ ሳይቸኩል፤ ሳይቆጣ። መስመሩ ጋ ሲደርስ ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠና ሰዎቹ እላዩ ላይ ተከመሩበት። ሰው ሁሉ ጮኸ። እትዬ ብርቄ ጮኹ። እኔም ጮህኩ፤ እኔ የጮህኩት ግን ስለፈራሁ ነው። ደስ ብሎሽ ነው የሚል ካለ ማስረጃ ያምጣ።

ክምሩ ሲነሳ የታችኛው ልጄ ነበር። አፉ ውስጥ ሣር አለ፤ ሣሩን እያኘከ ይስቃል። ያ የሙሽራ ፈገግታ። ሦስተኛው ነገር ይህ ነበር ማለት ነው።

ክለቡ መረጠው። ግን መጀመሪያ የጤና ምርመራ አለ ተባለ። አብሬው ሄድኩ፤ ዳዊት "ማዘር፣ ውጭ ይጠብቁ" ቢለኝ "ውጭ ያለውን ማን ይጠብቀዋል? ውስጥ ያለው ነው የኔ" ብዬው ገባሁ። ሐኪሙ ሙባረክን መዘነው። ቁመቱን ለካ። አንገቱን በሜትር ለካ።

"ዶክተር፣ የአንገት ልክ ለሸሚዝ ነው?" አልኩት።

"አይ፣ ለጥንካሬው ነው።"

ጥርሱን በባትሪ አየለት። እኛ አገር ጥርስ ገልበው የሚያዩት በሬ ሲገዙ ነው። ደም ቀዳለት። ከዚያ ሆዱን ቅባት ቀብቶ በማሽን እያሸ፣ እስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"እናት፣ ደስ ይበልዎት፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ምርጥ ናቸው።"

ማን ጠየቀህ? እናት ስለ ልጇ ኩላሊት ሳትጠይቅ የሚነግራት ሰው ለማን ሊነግር ያሰበውን ነው የሚነግራት? ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው የያዙት ሽንኩርት ከእጃቸው ወደቀ። "በቃ" አሉ፣ "ቆጥረው ሊረከቡት ነው።"

ለከድር ደወልኩ። "ኩላሊቱን አይተዋል" አልኩት።

"ደህና ነው?"

"ምርጥ ነው ይላሉ።"

"እሰይ" አለ። "እንግዲህ አንቺ እንዳየሽው።"

ሙባረክ ትልቅ ሰው ነው፤ አስሬ አላስቀረውም። ግን እኛ ቤት ያለ እናት ዱዓ መንገድ አይወጣም። "ካልመረቅሽኝ አልሄድም፤ ቅሬታም አይኖረኝም" አለኝ። ቅሬታም አይኖረኝም ያለው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ይህ ልጅ እንቢ ካልኩት በነጋታው ጆንያውን ይሸከማል፤ አንድ ቃል አይናገርም፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ጆንያ ሥር አየዋለሁ። እሺ ካልኩት ደግሞ በማላውቀው አገር፣ ፊት በማያይ ሰው እጅ ነው የምጥለው። ክለቡ መልስ ይጠብቃል፤ ዳዊት በየቀኑ ሱቄ ይመላለሳል።

አንድ ቀን "ዋስ አምጣ" አልኩት።

"እሺ ማዘር፣ ለሙባረክ ችግር የለም፤ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ።"

"ሙባረክማ የታወቀ ልጅ ነው። ለክለቡ ነው ዋስ የምትጠራው።"

ሳቀ። እኔ ስላልሳቅኩ አቆመ። "ማዘር፣ ክለብ እኮ ዋስ አይጠራም።"

"መርካቶ ሱቅ ውስጥ የሚቀጠር ሰው ዋስ ይጠራል። መጋዘን የሚጠብቅ ዋስ ይጠራል። አንድ ኩንታል ኮረሪማ በዱቤ የሚወስድ ዋስ ይጠራል። ልጄ ከኮረሪማ ያንሳል? ዋሱም ሱቁን የማውቀው፣ ሱቁ ቢዘጋ ቤቱን የማውቀው የመርካቶ ሰው ይሁን። ለጆሮው፣ ለአጥንቱ፣ ለኩላሊቱና ለጥርሱ የሚጠየቅ።"

ዳዊት ጨዋ ነው፤ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ዋለ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይደርሰኝ ነበር። አንዱ ነጋዴ "ዕቃው ምንድነው?" ብሎ ሲጠይቀው "ሰው ነው" አለው። "ስንት ኪሎ?" ሲለው መቶ ምናምን ብሎ በእውነት መለሰ። ሌላው ደግሞ ሰው ወደ ውጭ የሚያሻግር ደላላ መስሎት ሱቁን በላዩ ላይ ሊዘጋበት ሲል ለጥቂት አመለጠ። ሦስተኛው "ለናይሮቢ ክለብ ዋስ ከምሆን ለዝናብ ዋስ ብሆን ይሻለኛል" አለው።

በመጨረሻ አንድ ሰው "ሐጂ ሸምሱን ሞክር" ብሎ ላከው። እንደሚመስለኝ ሊቀልድበት ነው። ሐጂ ሸምሱ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ለገዛ አማቻቸው እንኳ ዋስ ሆነው አያውቁም። ቃላቸውን ከሰጡ ግን ይፈጽሙታል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የማይሰጡት። ሐጂ ሰሙት። ከዚያ እኔን አስጠሩኝና ሁለታችንንም ይዘውን በርበሬ ወደሚያስፈጩበት ወፍጮ ቤት ሄዱ።

በርበሬ ወፍጮ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም። አየሩ ቀይ ነው። የለመድነው እንኳ ሻሽ ጠቅልለን ነው የምንገባው። ሐጂ ዳዊትን ከወፍጮው አፍ አጠገብ አቆሙትና እሳቸው በሩ ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"እዚህ ቆሞ ውሸት የሚያቀናብር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም" አሉኝ በጆሮዬ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አንተ ልጅ! ይህን ልጅ ልትሸጠው ነው?"

"እትሽ! አይደለም ሐጂ!"

"ክለቡን ታውቀዋለህ?"

"አውቀ... እትሽ! እኔም እዚያ ተጫውቻለሁ! ጉልበቴ እስኪበላሽ!"

"ጉልበትህ ሲበላሽ ጣሉህ?"

"አሳክመው ነው የሸኙኝ!" ዓይኑ እንደ ቧንቧ ይፈሳል።

"የዚህች ሴት ልጅ አጥንቱ ቢሰበርስ?"

"ሊሰበር ይችላል ሐጂ! እትሽ! ጨዋታው እንደዚያ ነው!"

"ጥርሱስ?"

"የላስቲክ መከላከያ አለው! ግን ሊወልቅ ይችላል! ለአላህ ብላችሁ አስወጡኝ!" የዳዊት ስም ዳዊት ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። በርበሬው ነው እንደዚያ ያሰኘው።

ሐጂ አስወጡት። ፊቱ ላይ ውሃ አፈሰሱለትና ወደ እኔ ዞሩ። "ይህ ልጅ አይዋሽም። ውሸታም ቢሆን 'ምንም አይሆንም' ነበር የሚልሽ።" እኔ ግን ሊሰበር ይችላል፣ ሊወልቅ ይችላል ሲል ነው የሰማሁት፤ እውነተኛነቱ ምኑ ያጽናናል?

"ሐጂ፣ እኔን የጨነቀኝ የእሱ ውሸት አይደለም፤ የልጄ ገላ ነው" አልኳቸው።

ጺማቸውን ያዙ። "በይ እንግዲህ ዋስ እኔ ነኝ" አሉ። "ከእጅሽ ሲወጣ እንደነበረ ሙሉ ሆኖ ይኖራል። ከገላው አንድ ነገር ቢጎድል ራሴ ናይሮቢ ሄጄ እጁን ይዤ አመጣልሻለሁ።"

"ጥርስም ብትሆን?"

"አንዲት ጥርስም ብትሆን። ቃሌ ነው።"

ሙባረክን መረቅኩት። ሁለት መዳፉን ይዤ ዱዓ አደረግኩለት፤ እትዬ ብርቄም ከጎን ሆነው በራሳቸው በኩል "የድንግል ልጅ ይከተልህ" አሉት። ከሁለት ወገን ተጠብቆ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የስልክ ፍተሻ ሆነ። በምስል ይደውላል። "ጆሮህን አዙር" እለዋለሁ፤ ያዞራል። "ሌላኛውንም" እለዋለሁ። "እጅህን ክፈት። ጥርስህን አሳይ። ሸሚዝህን ግለጥ፣ ጎንህ ላይ የተሰፋ ነገር ካለ ልየው።" ሐጂም በየሰኞው ወደ ሱቄ ብቅ ይላሉ። "ዋስ ነኝ፤ ልጁ እንዴት ነው?" ይላሉ። "ሙሉ ነው ሐጂ" እላለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ እያልን ቆየን። አንዳንዴ ትንሽ ጠባሳ እንኳ ባገኝ ብዬ የምመኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሐጂ እጁን ይዘው እንዲያመጡልኝ። ለማንም አላልኩም።

አንድ እሁድ ቤቴ ከእትዬ ብርቄ ጋር ቡና ስንጠጣ ደወለ። ዓይኑ ያበራል፤ አፉ ግን ዝግ ነው።

"ደህና ነህ?"

"እምም።"

"አሸነፋችሁ?"

"እምም! እምም!"

"ሙባረክ። አፍህን ክፈት።"

አልከፈተም።

"እኔ ነኝ የወለድኩህ፤ ክፈት።"

ከፈተ። ከፊት፣ ከላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ጥቁር መስኮት አለ።

የምለው ሁሉ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ከሄደ ጀምሮ ነው ያዘጋጀሁት፤ ስተኛም ስነሳም እለማመደው ነበር። "ነግሬህ ነበር" ብሎ ይጀምራል፤ "ዕቃህን ያዝ፣ ሐጂ እየመጡ ነው" ብሎ ያበቃል።

"እማ" አለኝ፤ በቀዳዳው ነፋስ እየወጣ፣ "ዛሬ አስቆጠርኩ። አሰልጣኙ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ተሰላፊ ነህ አለኝ። መከላከያውን ውሃ ልጠጣ አውጥቼው ረስቼው ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለሐጂ አትንገሪ። እሳቸው ካሉ ይመጣሉ። ከመጡ ደግሞ እንቢ አልላቸውም።"

እንደማይል አውቃለሁ። እጁን ሰጥቷቸው ይመጣል፤ በነጋታው ጆንያውን ይሸከማል፤ ቅሬታም አይኖረውም።

አየሁት። ሣር ሳይኖርበት፣ ጥርስ ሳይኖርበት፣ ያ ፈገግታ እንዳለ ነው።

"ያማል?" አልኩት።

"አያምም።"

"በየትኛው በኩል ነው የምታኝከው?"

"በዚህኛው።"

"በል አፍህን ዝጋ፣ ብርድ ይገባዋል" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። የተለማመድኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሰኞ ደረሰ። ሐጂ መጡ። ከሩቅ ሳያቸው ሚዛኔን ማጽዳት ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበር።

"ዋስ ነኝ፤ ልጁ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ሙሉ ነው?"

ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከታች በኩል የሚወጋው የሌላ ሰው ጆንያ ነበር፤ ያን ቀን ጆንያው እኔ ሆንኩ። ሐጂ ዓይኔን ያያሉ፤ እኔ ሚዛኑን አያለሁ።

"ሙሉ ነው ሐጂ" አልኩ። "ምንም አልጎደለበትም።"

ከሽንኩርቱ በኩል እትዬ ብርቄ ሳይጠየቁ "ሙሉ ነው ሐጂ፤ እንዲያውም ተርፏል" አሉ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ። "የልጁ ባለቤት አንቺ ነሽ። አንቺ 'ሙሉ ነው' ካልሽ ዋሱ ምን ብሎ ይከራከራል? እኔ ነፃ ነኝ።" መቁጠሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ ዞሩ። "ለሙባረክ ንገሪው፤ ድዱ እስኪደርቅ ገንፎ ይብላ። በቆሎ ጥብስ እንዳይሞክር።"

ሄዱ። እኔ ሚዛኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ማን ነገራቸው? ዳዊት ነው? ልጁ ራሱ ነው? ወይስ እኛ የማናውቀው ሰው አላቸው? እሁድ ስልኩ ሲደወል አጠገቤ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ዞርኩ።

እትዬ ብርቄ ሽንኩርት ላይ አቀርቅረዋል።

"እኔ አይደለሁም" አሉ።

"እኔ እኮ ምንም አልጠየቅኩዎትም" አልኳቸው።